ሺህ ጨዋታ ከማውረድ አንዱን ሥሩት

ሰሞኑን አንድ ወጣት «የልጅነቴን የጌም ማሽን ቤቴ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሺህ ጨዋታ የተጫነበት ካርድ የት አገኛለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። የእኛ ዘመን የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሰርኪዩት ንድፍ ሸምድዶ ይፈተን ነበር፤ የሠፈር ልጅ የሚጫወትበት አንድ ነገር የሠራ ግን ጥቂት ነው። እናንተ ደግሞ ዕቃው በእጃችሁ እያለ ሌላ ሰው የሠራውን ታወርዳላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1972 የጌም ኩባንያው የአታሪ መሐንዲስ አላን አልኮርን፣ ሁለት ሰው በራኬት ኳስ የሚመላለስበትን ፖንግ የተባለ የስክሪን ጨዋታ ሲሠራ ፕሮሰሰርም ፕሮግራምም አልነበረውም። ኳሷን፣ ራኬቱን፣ ነጥቡን ሁሉ የሠራው በተራ ሎጂክ ቺፖች ነው፤ ስክሪኑም ከሱቅ የተገዛ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር። ራኬቱን ስምንት ቦታ ከፈለው፦ ኳሷ መሃሉን ስትነካ ቀጥ ብላ፣ ጫፉን ስትነካ ደግሞ ተወርውራ በሰያፍ ትመለሳለች። በሰርኪዩቱ ጉድለት ራኬቱ እስከ ስክሪኑ አናት አይደርስም ነበር። አልኮርን ግን ጨዋታውን ስለሚያከብደው እንዳለ ተወው። ማሽኑ ሰኒቬል ከተማ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ተተክሎ ሥራ ሲያቆም፣ ምክንያቱ የሳንቲም መያዣው መሙላቱ ነበር።

ያንኑ ጨዋታ ዛሬ ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ቦርድ በአንድ አርዱዊኖ ኡኖ፣ በሁለት ሬዚስተርና ራኬቶቹን በሚያንቀሳቅሱ ሁለት ቮልዩሞች (እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የሚዞሩ) ትሠሩታላችሁ። ቢጫ የቪዲዮ ሶኬት ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ፈልጉ፤ ጀርባውን ግን አትክፈቱ፣ ከተነቀለ በኋላም የስክሪኑ ቱቦ ሺዎች ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚልከውን ቲቪአውት የተባለ ላይብረሪ (ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል) ጫኑ። ከቦርዱ 9ኛ ፒን (የሽቦ መሰኪያ) በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከ7ኛው ፒን በ470 ኦም አውጥታችሁ ሁለቱን የቪዲዮው ገመድ መሃል ሽቦ ላይ አገናኙ፤ የገመዱ ዙሪያ ሽቦ ወደ ቦርዱ ግራውንድ (ኔጌቲቭ) ይሂድ። ሬዚስተሮቹ ከተቀያየሩ ምስሉ ይዛባል። ፕሮግራሙን ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት አስጀምሩት።

ስክሪኑ 128 በ96 ነጥብ ነው። ይህ ብቻውን ከኡኖው 2048 ባይት ራም (የሥራ ማስታወሻ) 1536ቱን ይወስዳል፤ ስለዚህ ረጅም ጽሑፍ ካበዛችሁ ቦርዱ ራሱን እያስነሳ ያስቸግራችኋል።

ቮልዩሙ 10 ኪሎ ኦም ሆኖ ጀርባው ላይ የ«ቢ» ፊደል ያለበት ይሁን። የ«ኤ»ው ለድምፅ የተሠራ ስለሆነ ራኬቱ በአንድ በኩል ይንቀረፈፋል፣ በሌላው በኩል ይዘላል። የእያንዳንዱን ቮልዩም ሁለት ጫፎች ወደ 5 ቮልትና ግራውንድ፣ የአንዱን መሃል እግር ወደ ኤ0 ፒን፣ የሌላውን ወደ ኤ1 አስገቡ። ራኬቱ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከመሃሉ ወደ ግራውንድ 104 የተጻፈበት ካፓሲተር ጨምሩ፤ በፕሮግራሙም የአራት ንባብ አማካይ ውሰዱ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ፍጥነቱ ላይ ነው። ፓል በሰከንድ 50 ምስል ይሥላል። ኳሷ በየምስሉ አንድ ነጥብ ብትሄድ ሜዳውን በ2.5 ሰከንድ ገደማ ታቋርጣለች፤ ለጀማሪ ይበቃል። ሁለት ነጥብ ስትሉት ይሞቃል። ሦስት ስትሉት ግን 2 ነጥብ ውፍረት ያለውን ራኬት ሳትነካ ዘላው ታልፋለች፣ ምክንያቱም በአንዱ ምስል ከፊቱ፣ በቀጣዩ ከኋላው ትገኛለች። ኳሷ አሁን ያለችበትን ብቻ ሳይሆን ከየት ወዴት እንዳለፈችም አስሉ።

ጆተኒ ቤት ያደገ ሰው ደስታው ያለው የእጅ አንጓ ላይ መሆኑን ያውቃል። ተሸናፊ ከፋይ በነበረበት ጨዋታ ማንም ስለ ጠረጴዛው ውበት አይጨነቅም ነበር፤ ዘንጉ ከላላ ግን ሁሉም ያጉረመርማል። ስለዚህ ገንዘባችሁን በቀለምና በመብራት ላይ አታባክኑ፣ ማዞሪያው ላይ አውሉት። ድምፅ ግን አይቅር፤ ከ11ኛው ፒን ትንሽ ባዘር (ጩኸት ሰጪ) አገናኙና ኳሷ ራኬት ስትነካ አጭር ጩኸት ይሰማ።

ሳጥኑን በ12 ሚሊሜትር ኮምፔልሳቶ ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ የማዞሪያው ፊት ግን ቆርቆሮ ይሁን። የተራ ቮልዩም አንገት አጭር ስለሆነ እንጨቱን አልፎ ብሎኑ ጋ አይደርስም። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ 1 ሚሊሜትር ቆርቆሮ አስቆርጣችሁ 7 ሚሊሜትር ቀዳዳ ታስበሳላችሁ። የቮልዩሙ የተበየደ እግር ቆርቆሮውን እንዳይነካ ከሥሩ ፕላስቲክ አንጥፉ።

ቮልዩም ስትገዙ ሁለት ሳይሆን አራት ግዙ። ልጆች ጨዋታው ሲሞቅባቸው መዞሪያው ካበቃ በኋላም ያስገድዱታልና ቶሎ ይሰበራል።