ለውዝፍ የመብራት ሂሳብ ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄ፦ የቤቴ ቆጣሪ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይነበብ ሂሳቡ በግምት ሲመጣ ቆይቷል። የተጠየቅሁትን በየወሩ ሳላጓድል ከፍያለሁ። አሁን ቆጣሪው ሲነበብ ግምቱ ከፍጆታዬ በጣም ያነሰ ነበር ተብሎ ከፍተኛ ውዝፍ መጣብኝ። ቢሮ ሄጄ ከፋፍዬ እንድከፍል ተስማምተናል። ጥፋቱ የእነሱ ሆኖ ሳለ የመክፈል ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የአቅራቢው ስሕተት ብቻውን ከዕዳው ነጻ አያወጣዎትም። ኃይሉን ተጠቅመው ዋጋውን ካልከፈሉ፣ አቅራቢው በመርህ ደረጃ ልዩነቱን መጠየቅ ይችላል፤ ክርክሩ የሚኖረው በመጠኑና ምን ያህል ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በአንድ ቃል ያለፉት ጉዳይ ነው። «ተስማምተናል» ብለዋል። በቃል ነው ወይስ በጽሑፍ? ከፈረሙስ ወረቀቱ ምን ይላል፣ ቅጂውስ በእጅዎ አለ? የመጀመሪያውንስ ክፍያ ፈጽመዋል?

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። መብራት እንዳይቆረጥባቸው ሰግተው የቀረበላቸውን ቅጽ ሳያነቡ ይፈርማሉ። ቅጹ የክፍያ ጊዜ ማራዘሚያ ይመስላል፤ በውስጡ ግን «የተጠቀሰው ዕዳ እንዳለብኝ አምናለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ይህን የፈረመ ሰው፣ ስሌቱ ስሕተት መሆኑን በኋላ ቢደርስበት እንኳ፣ የራሱን ፊርማ የማስተባበል ሸክም ይወድቅበታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ይርጋን፣ ማለትም ካለፈ በኋላ ዕዳን በሕግ መጠየቅ የማይቻልበትን የጊዜ ገደብ፣ የሚመለከተው ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የማስከፈል ገደብ ከአገር አገር በጣም ይለያያል፦ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አቅራቢዎች ከ12 ወር በፊት ለነበረና በትክክል ላልተጠየቀ ፍጆታ የቤት ደንበኛን እንዳያስከፍሉ በመርህ ደረጃ ተከልክለዋል፤ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ደግሞ፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ ይርጋ 10 ዓመት ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 1851 መሠረት ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ፣ በተለይም ከፋፍሎ መክፈል ከጀመረ፣ ይርጋው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በቁጥር 1856 መሠረት ደግሞ ፍርድ ቤት ይርጋን በራሱ አነሳሽነት አያነሳም፤ መቃወሚያውን ማቅረብ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ጠበቃ ወረቀቱን ሳያይልዎ ሌላ ምንም ነገር አይፈርሙ።

ሌላም ያልነገሩኝ ነገር አለ። በየወሩ በደረሰዎት ሂሳብ ላይ «በግምት» የሚል ተጽፎ ነበር? ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተዘግቶበት ማስታወሻ ትቶልዎት ተመልሶ ያውቃል? ሳያጓድሉ መክፈልዎ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሂሳቡ ከፍጆታዎ ጋር እንደማይመጣጠን እያዩ ሁለት ዓመት ዝም ማለት አልነበረብዎትም። ደንበኛው ቆጣሪው እንዳይነበብ እንቅፋት ከሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመከፈል የሚከላከለው ጥበቃ ሊቀርበት ይችላል፤ የብሪታንያውም ደንብ ይህን ይለያል። እውነቱ የማያምር ቢሆንም ለጠበቃዎ አሁኑኑ ይንገሩት፤ ከተቃራኒ ወገን የሰማው ዕለት ሊረዳዎ አይችልም።

ስሌቱንም ሳይመረምሩ አይቀበሉ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ከሆነ፣ የሁለት ዓመቱ ልዩነት በአንድ ወር ላይ ተከምሮ ሲሰላ በየወሩ ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ከማይደርስበት ከፍተኛ እርከን ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ወደየወሩ ተመልሶ በየጊዜው በነበረው ታሪፍ እንዲሰላልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። ወደ ቤቱ የገቡት በመሃል ከሆነም፣ የገቡበት ቀን ንባብ ከሌለ የቀድሞው ነዋሪ ፍጆታ በእርስዎ ላይ ሊቆጠር ስለሚችል የኪራይ ወይም የግዥ ውልዎን ያቅርቡ። ቆጣሪውን የሚጠራጠሩ ከሆነ እንዲመረመር ይጠይቁ።

የማያከራክረውን የወሩን ሂሳብ ግን መክፈልዎን አያቋርጡ፤ ስለ ውዝፉ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈው በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ያስደርጉ። ሁሉንም ሂሳቦችና ደረሰኞች፣ ቁጥሩና ንባቡ የሚታይ የቆጣሪውን ፎቶግራፍ፣ ከሁሉም በላይ የፈረሙትን ወረቀት ይዘው ቀጣዩ ክፍያ ከመድረሱ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ቅጂ ካልተሰጠዎት ነገ ሄደው ይጠይቁ፤ የከለከለዎትን ሠራተኛ የሥራ ድርሻና ቀኑን ይመዝግቡ።