አባቴ ወፍሯል፣ ሐኪሞቹ ግን «ምግብ አንሶታል» ይላሉ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍልህ። አባቴ 67 ዓመቱ ነው። አሜሪካ ወንድሜ ጋ ሆኖ በሆዱ በኩል የኩላሊት እጥበት ከጀመረ ስምንት ወር ሆነው። በቪዲዮ ስናየው ፊቱ ሞልቷል፤ ኪሎውም ከ60 ወደ 65 ገብቷል። ሐኪሞቹ ግን «አልቡሚንህ 2.9 ነው፣ ፕሮቲን አንሶሃል፣ ሥጋና እንቁላል ብላ» ይሉታል። እሱ ደግሞ ሁዳዴን አልገድፍም ብሏል። ከዚህ ሽሮ፣ በርበሬና የግብጦ ቆሎ እንልክለታለን። ኢንተርኔት ላይ አልቡሚኑ ያነሰ ሰው ቶሎ ይሞታል የሚል አንብቤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ፊታቸው ላውራ። የሞላ ፊት ሁልጊዜ ሥጋ አይደለም።

እኛ አገር እጥበት ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ደም በማሽን የሚታጠብበትን ነው። የአባትሽ ሌላ ነው። ሁለት ሊትር ገደማ ፈሳሽ በቱቦ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ከዚያ ቆሻሻውንና ትርፉን ውሃ ይዞ ይወጣል። ውሃውን የሚስበው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር ነው። ስኳሩ ግን እዚያው አይቀርም፤ በቀን ከ100 እስከ 200 ግራም የሚሆነው ወደ ደም ሊገባ ይችላል። 100 ግራም ማለት እኮ ሃያ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው! ሳይበሉት የገባ ስኳር ያወፍራል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። ፕሮቲን ደግሞ በተቃራኒው ይወጣል። በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ግራም ከፈሳሹ ጋር ይደፋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ስላለው፣ በየቀኑ አንድ እንቁላል ወይም ከዚያ በላይ እንደመጣል ቁጠሪው። ስለዚህ ሰውየው እየወፈረ ጡንቻው ሊያልቅ ይችላል። ከአምስቱ ኪሎ ውስጥ ውሃም ሊኖርበት ይችላል። በሚቀጥለው ስትደውሉ ፊትህን ተወው፣ ክንድህንና ጭንህን አሳየን በሉት።

አሁን ወደሚያስጨንቅሽ ቁጥር፣ ወደ አልቡሚን። አልቡሚን ደም ውስጥ ያለ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ያነበብሽው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ1996 የወጣ ካኑሳ የሚባል ጥናት ካናዳና አሜሪካ ውስጥ በሆድ እጥበት ላይ ያሉ 680 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። አልቡሚን አባትሽ በተነገራቸው መለኪያ በ0.1 ከፍ ባለ ቁጥር (ከ2.9 ወደ 3.0 እንደማለት) የመሞት ዕድል በ6 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እኔን ከዚህ በላይ የሚገርመኝ ሌላው ውጤት ነው። ሐኪሙ የሰውየውን አመጋገብና ክብደት ጠይቆ፣ ጡንቻውን በእጁ ዳስሶ በሚሰጠው ነጥብ፣ አንድ ደረጃ የተሻለ ሰው የመሞት ዕድሉ በ25 በመቶ ያነሰ ነበር። አየሽ፣ የድሮው እጅና ዓይንም ዋጋ አለው።

ግን ይሄ የብዙ ሰው አማካይ ነው፣ ለአባትሽ የተቆረጠ ቀን አይደለም። አልቡሚን የምግብ መለኪያ ብቻ ነው ብለሽም አታስቢ። ጉበት ነው የሚሠራው፣ ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ካለ ምርቱን ይቀንሳል፣ ውሃ ከበዛም ይቀጥናል፣ በፈሳሹም ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ በሬ ቢበሉ እንኳ የተደበቀ ኢንፌክሽን ካለ ቁጥሩ ላይነሳ ይችላል። ወንድምሽ ሐኪሞቹን «ብግነት አለ ወይ? ውሃስ በዝቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚወጣው ፈሳሽ ከደፈረሰ፣ ወይም ሆዳቸውን ካመማቸው ወይም ካተኮሳቸው ግን ያን ዕለቱኑ ሐኪም ቤት ነው፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። «አልቡሚኑን በደም ሥር ለምን አይሰጡትም?» የሚሉኝም አሉ። ቁጥሩን ለጊዜው ያሳምረዋል እንጂ ምክንያቱን አይነካውም። ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) ወረደ ብላችሁም ቶሎ እልል አትበሉ፤ ጡንቻ ሲያልቅም ይወርዳል።

ምግቡን በተመለከተ፣ በሆድ እጥበት ላይ ላለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ከመወፈራቸው በፊት በነበረው 60 ኪሎ ብናስበው ከ60 እስከ 72 ግራም ነው። አንድ ሰው የሚበላው ሽሮ፣ ዱቄቱ 40 ግራም ቢሆን፣ 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ። ሒሳቡ አይሞላም።

የጎጃም አባት ጾም ግደፍ ሲሉት ምን እንደሚል አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ አንቺ አትከራከሪያቸው፣ ወንድምሽም አይጨቃጨቅ። የንስሐ አባታቸው ጋ ሂጂና ነገሩን አስረጂ፣ ስልኩን ደውለሽ አገናኚያቸው። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው አታስገድድም፤ ከእኔ አሥር ምክር የእሳቸው አንድ ቃል ይበልጣል። አባትሽ እሺ ካሉ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ዓሣ። የሚበሉትም ፈሳሹ ከሆዳቸው ሲወጣ፣ አዲሱ ሳይገባ ቢሆን ይሻላል፤ ሁለት ሊትር የተሸከመ ሆድ እንጀራ አያስገባም።

እምቢ ካሉስ? ያኔ ግብጦሽ ሊያግዝ ይችላል። ከሽምብራም ከምስርም የበለጠ ፕሮቲን አለው። ግን ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት ውሃ እየተቀየረለት በደንብ የተዘፈዘፈ መሆን አለበት፤ ምሬቱ መርዝ ነው። ጥራጥሬ ውስጥም ስላለው፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ስለሚጠራቀመው ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን ግን ከምግብ ባለሙያቸው ጋር ይነጋገሩ። ባሕር ዳር በማሽን የሚታጠብ ጎረቤት ካላችሁ ግን የእሱን «ሙዝ አትብላ፣ ድንች አትብላ» እንዳለ ወስዳችሁ እንዳትጭኑባቸው። ያ ክልከላ ሙዝና ድንች ውስጥ ስላለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ነው፤ በሆድ እጥበት ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው አንሶ ነው፤ የእሳቸውን የደም ውጤት ያየ ሐኪም ይወስን።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ በርበሬው። ስታዘጋጁት ጨው ታስገቡበታላችሁ አይደል? ሽሮውም ላይ እንደዚያው። ጨው ያስጠማል፣ ውሃ ይይዛል፣ ያን ውሃ ለማውጣት ደግሞ ስኳሩ የበረታ ፈሳሽ ይታዘዛል፣ ያ ስኳር ነው የምግብ ፍላጎታቸውን መልሶ የሚዘጋው። የሚቀጥለውን ስታስፈጪ የእሳቸውን ለብቻ፣ ያለ ጨው አድርጊው።