ያ ጥቁር ነገር ኔቡላ ነው ወይስ አቧራ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን አራት ጥያቄዎች መርጠናል። አራቱም ስለ ጥቁር ኔቡላ ናቸው፤ ከኋላው ያሉትን ከዋክብት ብርሃን ስለሚጋርደው ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የማነሳው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ከሚገኘው ግቢዬ ነው። ቴሌስኮፔ የሌንሱ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር፣ የፎከስ ርዝመቱ 480 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሜራዬ ምንም ያልተነካካ ካነን ነው። በጥቅምት አልታይር ከምትባለው ኮከብ አጠገብ እያንዳንዳቸው የ2 ደቂቃ የሆኑ 40 ፎቶዎች አንስቼ ደረብኳቸው። መሃል ላይ የላቲኑን «ኢ» ፊደል የሚመስል ደብዘዝ ያለ ጥላ አለ። ቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ ከሱ የባሰ ጥቁር ክብ ይታያል። ኔቡላው የትኛው ነው?

መልስ፦ የመሃሉ ነው። ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው የ182 ጥቁር ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ 142 እና 143 ተብለው የተመዘገቡት ደመናዎች ተገጣጥመው ያንን ፊደል ይሠራሉ። ታራዜድ ከተባለችው ኮከብ ወደ ምዕራብ አንድ ዲግሪ ከሩብ ያህል ርቀው ይገኛሉ፤ አንድ ላይ የሙሉ ጨረቃን ያህል ቦታ ይይዛሉ። ከደብረ ብርሃን ሲታዩ በትክክል አናት ላይ ሊባል በሚችል ቦታ ስለሚያልፉ ለእርስዎ ግቢ የተመቹ ናቸው።

የቀኝ ጥጉ ክብ ግን ከሰማይ የመጣ አይመስለንም። በግምት ከሚተዉት ያጣሩት።

አንደኛ፣ ፎቶውን አጉልተው ከዋክብቱን ይቁጠሩ። ኔቡላ ውስጥ ደቃቃዎቹ ከዋክብት ይጠፋሉ፤ ዳር ዳሩ ላይ የተረፉትም ቀላ ይላሉ፤ ምክንያቱም አቧራው ከቀዩ ብርሃን ይልቅ ሰማያዊውን አብዝቶ ያስቀራል። ካሜራው ላይ ያረፈ አቧራ ጥላ ሲጥል ግን ከዋክብቱ እንዳሉ ይታያሉ፤ የሚጠቁረው በመካከላቸው ያለው ሰማይ ነው። ሁለተኛ፣ ቴሌስኮፑን የፎቶውን ሩብ ያህል ወደ ሰሜን ያንቀሳቅሱና አንድ ተጨማሪ ፎቶ ያንሱ። ጥቁሩ ነገር ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ከሄደ የሰማይ ነው፤ በነበረበት ጥግ ከቀረ የመሣሪያዎ ነው።

ክቡ የመሣሪያው ሆኖ ከተገኘ አቧራው የት እንዳለ በስሌት ይገኛል። የጥላውን ስፋት በፒክስል ቆጥረው በአንዱ ፒክስል መጠን ያባዙት፤ ውጤቱን ደግሞ በኤፍ ቁጥሩ ያባዙት። የእርስዎ ኤፍ ቁጥር 480 ለ80 ሲካፈል 6 ነው። ፒክስሉ 4.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ቢሆንና ጥላው 120 ፒክስል ቢሰፋ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል በ6 ሲባዛ 3 ሚሊ ሜትር ይመጣል፦ አቧራው ያለው ሴንሰሩን በሸፈነው መስታወት ላይ ነው ማለት ነው። ጥላው 900 ፒክስል ከሆነ ግን ርቀቱ 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሴንሰሩን ትተው ከፊቱ ያለውን ፊልተር ወይም ፍላትነር (ምስሉ እስከ ጥጉ ጥርት እንዲል የሚያደርገውን ተጨማሪ ሌንስ) በእጅ ፓምፕ አየር ይንፉት። በአፍ አይንፉ፤ ምራቅ ይረጫል።

የጥቁር ኔቡላ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ከከተማ ሲነሳ በኔቡላውና በዙሪያው ባለው ሰማይ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ጥቂት በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። የፎቶው ጥግ በሌንስ ምክንያት የሚጨልመው ግን ከ20 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። የራስዎ መሣሪያ የሚጥለው ጥላ ከሚፈልጉት ጥላ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ፍላት የሚባለውን ማረሚያ ፎቶ (እኩል የበራ ነገር ተነስቶ የመሣሪያው ጥላ ብቻ የሚታይበትን፣ ሶፍትዌሩም ያንን ጥላ ከሰማዩ ፎቶ የሚያስወግድበትን) ሳያነሱ የጥቁር ኔቡላ ፎቶ ባይጀምሩ ይሻላል።

ፍላት ለማንሳት አንድ ንጹሕ ነጭ ነጠላ ይበቃል። ጥለቱ ያልደረሰበትን ክፍል ሁለት እጥፍ አድርገው በቴሌስኮፑ አፍ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥሩትና በላስቲክ ይሰሩት። ቴሌስኮፑን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያዙሩት፤ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሰማዩ ሲነጣ የሂስቶግራሙ (ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚያሳይበት ግራፍ) ጉብታ መሃል ላይ እንዲያርፍ አድርገው 30 ፎቶ ያንሱ። በየ10 ፎቶው ነጠላውን ትንሽ ያዙሩት፤ የፈትሉ መስመር በአማካዩ ይጠፋል። እኛ አገር ንጋቱም ምሽቱም ቶሎ ስለሚያልፍ ያለዎት ጊዜ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከሁሉም በላይ ሌሊቱን ካነሱበት ሰዓት ጀምሮ ካሜራውን አይንቀሉ፣ አያዙሩ፣ ፎከሱን አይንኩ። ካሜራው ጥቂት እንኳ ከዞረ ፍላቱ የአቧራውን ጥላ በሌላ ቦታ ያርምና አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ ክብ ይተውልዎታል።

አንድ ነገር እንጨምር፦ 40 ፎቶ በ2 ደቂቃ ሲሰላ 80 ደቂቃ ብቻ ነው። ከከተማ ሲሆን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይህንንም በሁለት ሦስት ሌሊት ማጠራቀም ይቻላል። ፎቶው ላይ የሚታየው ሻካራነት በግማሽ የሚቀንሰው ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ብዙ ከፍ ስለማትል ባሕር ዛፍ ይጋርድብኛል። የኢኳቶሪያል ማውንቴ (የሰማዩን ዙረት ተከትሎ ቴሌስኮፑን የሚያዞረው መቆሚያ) መዞሪያ ዘንግ ከ15 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ ማመዛዘኛ ክብደቱም የትራይፖዱን እግር ይመታል። በ3 ደቂቃ ፎቶ ከዋክብቱ ሰረዝ እየሆኑ ተቸገርኩ።

መልስ፦ የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ እርስዎ ዘንድ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ክንድ ተዘርግቶ ሲታይ ከአንድ ጭብጥ አይበልጥም። አብዛኞቹ ማውንቶች የተሠሩት ኮከቡ ከፍ ብሎ ለሚታይባቸው አገሮች ስለሆነ ችግሩ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።

ሁለቱ ችግሮች አንድ መፍትሔ አላቸው። ትራይፖዱን አዙረው አንዱን እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱን ወደ ሰሜን ያድርጉ፤ ክብደቱ በሁለቱ መካከል ይወርዳል። (ለዚህ የማውንቱ አቅጣጫ መያዣ ጉጥ ከአንዱ እግር በላይ ወደሌላው ጎን መዛወር አለበት፤ በብዙዎቹ ላይ በብሎን ይፈታል።) ከዚያ የደቡቡን እግር ያስረዝሙ ወይም ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገቡ። የጎደለዎት 5 ዲግሪ ነው፤ ከደቡቡ እግር እስከ ሁለቱ የሰሜን እግሮች መስመር 1 ሜትር ከሆነ 9 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል። የውኃ ልኩ መዛባቱ አያሳስብዎት። ዋናው ነገር ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ማመልከቱ ነው።

ኮከቡን ሳያዩ ማስተካከልም ይቻላል። በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለች፣ እኩለ ቀን መስመሩን (ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናት ላይ የሚያልፈውን መስመር) ልታልፍ የተቃረበች ኮከብ ይምረጡ፤ እናንተ ዘንድ ከአናት ጥቂት ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በካሜራው ስክሪን አጉልተው 5 ደቂቃ ይከታተሏት። ወደ ደቡብ ከሸሸች ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አጋድሏል፤ ወደ ሰሜን ከሸሸች ወደ ምዕራብ። በጎን ብሎኑ ያርሙ። ቀጥለው በምሥራቅ በኩል ከአድማስ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለች ኮከብ ይያዙ፦ ወደ ደቡብ ከሸሸች ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ወደ ሰሜን ከሸሸች ከፍ ብሏል። በስክሪኑ ላይ ደቡብ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ቴሌስኮፑን ጥቂት ወደ ሰሜን ይግፉት፤ ኮከቧ የምትሄድበት ደቡብ ነው። የትራይፖዱ ራስ ስለተጋደለ አንዱን ብሎን ሲያርሙ ሌላው ይዛባል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱ። ላፕቶፕ ካለዎት ኒና የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሦስት ፎቶ አንስቶ ስሕተቱን ይነግርዎታል፤ ዋልታውን ማየት አያስፈልገውም።

ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባል? ዘንጉ በ10 የቅስት ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ቢሳት ኮከቧ በ3 ደቂቃ ውስጥ እስከ 8 የቅስት ሰከንድ (የቅስት ደቂቃ አንድ ስድሳኛ) ትንሸራተታለች። በ480 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕና በ4.3 ማይክሮን ፒክስል ይህ 4 ፒክስል ይሆናል፤ ሰረዙ የመጣው ከዚህ ነው። ከ1 ፒክስል በታች ለማድረግ ስሕተቱ ከ2 የቅስት ደቂቃ ብዙም መብለጥ የለበትም።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር። በየትኛው ወር የትኛውን ጥቁር ኔቡላ ላንሳ? ፊልተርስ ልግዛ?

መልስ፦ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ ከላይ ያወራንለትን የአልታይር ጎረቤት። ከኅዳር እስከ ጥር የፈረስ ራስ የሚባለውን ባርናርድ 33፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ 78 ዲግሪ ይደርሳል። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ንጋት ሲቃረብ የእባቡ ኔቡላና የፒፓው ኔቡላ በደቡብ ከ50 ዲግሪ በላይ ይወጣሉ። አውሮፓ ያሉ አንሺዎች እነዚህን የሚያገኟቸው ከአድማስ ተጣብቀው ነው፤ የእኛ ዕድል ትልቅ ነው፣ የበልግ ደመና ከፈቀደ። ፒፓው 7 ዲግሪ ያህል ስለሚረዝም በቴሌስኮፕ አይገባም፤ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይጠቀሙ።

ፊልተር ለጥቁር ኔቡላ አይረዳም። የምንፈልገው ከኋላ ያሉትን ከዋክብት ብርሃን ነው፤ ፊልተሩ ደግሞ ያንኑ ይቆርጠዋል። ልዩ የሚሆነው የፈረስ ራስ ነው፤ ከበስተጀርባው ያለው ሃይድሮጅን በ656.3 ናኖ ሜትር ቀይ ስለሚያበራ የሃይድሮጅን አልፋ ፊልተር ይረዳዋል፤ ያልተቀየረ ካሜራ ግን የዚህን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀራል።

በገንዘቡ የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ ቢገዙ እንመክራለን። ከቆላው ወደ ገደሉ አፋፍ የሚወጣው ጉም ሌንሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያላብሰዋል፤ ላቡን በጨርቅ መጥረግ ደግሞ ሽፋኑን ይጭራል። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ለመምረጥ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አባት ካሉ ይጠይቋቸው፤ ሠርቀ ሌሊቱን ቆጥረው ይነግሩዎታል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። ካልተደረቡት ፎቶዎች በአንዱ ላይ ኔቡላው ይታየኛል፤ በሶፍትዌር ሰማዩን ካስተካከልኩ በኋላ ግን ይጠፋል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የሰማዩን ብርሃን የሚያስተካክለው ሶፍትዌር የጨለመ ሰፊ ቦታ ሲያይ እንደ እንከን ቆጥሮ ይሞላዋል። ሲሪል የተባለውን ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ከሆነ የናሙና ነጥቦቹን በራሱ እንዲበትን አይተዉት። ከኔቡላው ላይ ያረፉትን አንድ በአንድ ያጥፉ፤ ነጥቦቹ ከዋክብት በሞሉበት ሰማይ ላይ ብቻ ይቅሩ፤ የፖሊኖሚያሉን (ሶፍትዌሩ የሰማዩን ብርሃን የሚገምትበት ቀመር) ደረጃም 1 ያድርጉ። ደረጃው 4 ሲሆን የሚሠራው ወለል ተለጥጦ ኔቡላውን ራሱን ይከተላል።

ብርሃኑን ሲያሳድጉም ጥቁሩን ጫፍ እስከ ዜሮ አይቁረጡት። የኔቡላው ውስጥ ፍጹም ጥቁር አይደለም፤ ቡናማ ቅላት አለው፤ ጥቂት ከዋክብትም ያሳልፋል። ጠቋሚውን ከኔቡላው መሃል አሳርፈው ቁጥሩን ያንብቡ፤ ከ255 ውስጥ ከ15 እስከ 25 ቢሆን መልካም ነው። ዜሮ ካነበቡ አንድ እርምጃ ይመለሱ።