አባትሽ «አሮጌ ወረቀት» ስላሉት ሥራ

ሰላም እህቴ፣

በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሐዋሳ ሥራ እየፈለግሽ ነው። እስከዚያው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አጎትሽን ታግዣለሽ። በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ የልጆች መጻሕፍት በካርቶን ገብተውላቸው፣ የመጀመሪያ እትሞችን መለየት መማር ጀምረሻል። አባትሽ ደግሞ «አሮጌ ወረቀት ስታገላብጪ የባንኩ ፈተና ያልፍሻል» ይላሉ። ይሄ ሙያ ይሆናል ወይ፣ እንግሊዝኛዬስ ይበቃል ወይ፣ ማስተርስ ልማር ወይ ነው ጥያቄሽ።

ሙያ ነው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ሐዋሳ ላይ የቤት ኪራይ ይከፍላል ወይ ካልሽኝ ግን፣ ለብቻው አይከፍልም። ገዢው ውጭ ነው ያለው፤ የፖስታው ወጪም ቀላል አይደለም።

ዕውቀቱም ገና ነው። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ «ፈርስት ኤዲሽን» (የመጀመሪያ እትም) የሚለውን አይተሽ ደስ ብሎሻል። ከሥሩ ያለውን የቁጥር ረድፍ ግን ዘለልሽው። 10 9 8 7 6 5 4 ይላል። መጽሐፉ በድጋሚ በታተመ ቁጥር ትንሿ ቁጥር ትሰረዛለች፤ ስለዚህ የቀረችው ትንሽ ቁጥር ስንተኛ ህትመት እንደሆነ ትነግርሻለች። ያንቺው አራተኛ ነው። «ፈርስት ኤዲሽን» የሚለውን ሳያጠፉ ደጋግመው የሚያትሙ አሳታሚዎች ሞልተዋል። እንደ አሳታሚውም ይለያያል። ራንደም ሃውስ ለብዙ ዓመታት በመጀመሪያ ህትመቱ ላይ «ፈርስት ኤዲሽን» ብሎ ጽፎ ረድፉን በ2 ነበር የሚጀምረው። ይህን የማያውቅ ሰው እውነተኛውን «ሁለተኛ ነው» ብሎ ይጥለዋል።

ረድፍ የሌላቸው የቆዩ መጻሕፍት ላይ የወረቀት ልባሱን እይ። የ1957ቱ «ዘ ካት ኢን ዘ ሃት» የመጀመሪያ ህትመት ልባሱ እጥፋት ላይ 200/200 የሚል ዋጋ አለው። በ1963 የወጣው «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» የካልዴኮት ሜዳሊያን፣ ማለትም የአሜሪካን የልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት ሽልማት፣ ያገኘው በ1964 ነው። ስለዚህ ልባሱ ላይ ሜዳሊያው ከታተመበት ዘግይቶ የመጣ ነው። ልባሱ ከጠፋ፣ ወይም እንዳንቺዎቹ የቤተ መጻሕፍት ማህተም ካለበት፣ ዋጋው በጣም ይወርዳል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የአማርኛ የልጆች መጻሕፍትን እንዲህ አድርጎ የሚመረምር ሰው ብዙ አላይም። የውጭ ሻጭ «1975 ዓ.ም.» የሚለውን እንዳለ 1975 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። በእነሱ አቆጣጠር 1982 ወይም 1983 ነው። ይህን አንቺ ሳትማሪው ታውቂዋለሽ።

አባትሽ ደሞዝ ያስፈልግሻል ማለታቸው ልክ ነው። ደሞዝ ያለው ባንክ ብቻ ይመስል መጨቅጨቃቸው ግን ልክ አይደለም። የታናሽ ወንድምሽ የትምህርት ክፍያ ገና ሥራ ባልያዘች ልጅ ትከሻ ላይ መጫኑም አልተዋጠልኝም። ቁጭ ብላችሁ ሒሳቡን በብር ተነጋገሩበት። አንቺ ግን ፈተናውን ተፈተኚ፤ ጎን ለጎን በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚወጡ ማስታወቂያዎችን ተከታተዪ። እኔም አዳማ ውስጥ የመጽሐፍ ካርድ በመሙላት ነው የጀመርኩት። መጽሐፍን ገልጦ ማየት የተማርኩት እዚያ ነው።

እንግሊዝኛሽ ይበቃል። ማስተርሱ ይቆይ።

ከሁሉ በፊት ግን አጎትሽ ካርቶኑን ከማን እንደገዙት ጠይቂያቸው። ከትምህርት ቤት የወጣ ከሆነ የማስወገጃ ደብዳቤ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ መጻሕፍቱን አውቆ እንዳስወጣቸው የሚያሳይ ወረቀት፣ ሊኖረው ይገባል። ደብዳቤ ከሌለ አንዱንም እንዳትሸጪ።