«ላይሰንስ ቀርቷል» ብለዋችኋል፤ ሌሊት የሚሠራው ግን ማነው?

ጥያቄ፦ ሜልቦርን ውስጥ ከሁለት ሸሪኮቼ ጋር አነስተኛ የብረት ሥራ ድርጅት አለን። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ለባሕር ኃይል መርከብ የሚሆን የሴንሰር መያዣ ልናመርትለት ድሮዊንጉን ሊልክልን ነው። «ከኦከስ ስምምነት ወዲህ ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ዝም ብላችሁ ጀምሩ» ብሎናል። ትንሽ ብንሆንም እኛ ጋ ሌሊት እንኳ ሥራ አይቆምም፣ ቶሎ እናደርሳለን። መጀመር እንችላለን?

መልስ፦ ዛሬ አይጀምሩ። ምናልባት በቅርቡ ይችሉ ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይሆንም።

የታወቀውን ቶሎ ልጨርሰው። ኦከስ የአውስትራሊያ፣ የብሪታንያና የአሜሪካ የመከላከያ ትብብር ነው። አሜሪካ የመከላከያ ዕቃና ቴክኒካል ዳታ (እንደ እናንተ ድሮዊንግ ያለ) ከአገር ሲወጣ የምትቆጣጠርበት ደንብ አይታር ይባላል። በደንቡ ክፍል 126.7 መሠረት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለአውስትራሊያና ለብሪታንያ በሩ ሰፋ ብሏል፤ ብዙ ነገር ያለ ላይሰንስ ያልፋል። በሩ ግን ዘበኛ አለው። እናንተ በአውስትራሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በኩል አመልክታችሁ፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ተቀብሏችሁ «የተፈቀደለት ተጠቃሚ» ተብላችሁ መዝገብ ላይ መግባት አለባችሁ። ላኪውም በአገሩ የተመዘገበ መሆን አለበት። ዕቃው ደግሞ ከዚህ ነፃነት፣ ማለትም ያለ ላይሰንስ ከማለፍ መብት፣ ውጭ በተደረገው ዝርዝር ውስጥ መኖር የለበትም። ዝርዝሩ ውስጥ ከሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ስምምነት ዕቃዎች አንስቶ ሌላም ብዙ ነገር አለ፣ ደግሞም ይሻሻላል፤ ስለዚህ የዛሬውን ይዩ። እዚያ ውስጥ ከገባ ላይሰንስ ይጠየቃል፣ ለሦስቱ አገሮች ፈጠን ያለ መስመርም አለ።

መመዝገባችሁን አልነገሩኝም። ካልተመዘገባችሁ ጨዋታው እዚህ ያበቃል። «ኩባንያው ነግሮናል» የሚለውን ደግሞ ይተዉት። ዕቃው በየትኛው ምድብ እንደሚገባና በየትኛው ክፍል ነፃ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ወደ ቆረቆረኝ ነገር ልምጣ። «ሌሊት እንኳ ሥራ አይቆምም» ብለዋል። ወንድሜ፣ ሌሊት የሚሠራው ማነው? ማሽኑ ብቻውን ሲቆርጥ ያድራል ካሉኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ከብዙ ደንበኞች ሰምቻታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላዋ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፤ እናንተ ስትተኙ ቀን የሚሆንበት አገር ተቀምጦ ድሮዊንግ የሚያስተካክል፣ በሰዓት የሚከፈለው፣ ደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ። ሲጠየቁ ሁሉም አንድ መልስ አላቸው፦ «ለማንም ምንም አልላክንም»። እውነታቸውን ነው፣ አልላኩም። ፎልደሩን ነው የከፈቱለት።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ ይኸው ነው። ፋይሉ ከሜልቦርን ሰርቨር ንቅንቅ ሳይል፣ ልጁ በፓስወርዱ ገብቶ ድሮዊንጉን ስክሪኑ ላይ ባየው ቅጽበት ዳታው ወደዚያ አገር እንደተላለፈ ይቆጠራል። የ126.7 ነፃነት ደግሞ የሚሠራው በሦስቱ አገሮች ምድር ውስጥ ላለ ነገር ነው። ከዚያ ወጣ ሲል ነፃነቱ የለም፤ ድርጅትዎ የቱንም ያህል በመዝገብ ላይ ቢሆን አያድነውም። «ፋይሉ የተመሰጠረ ነው» የሚሉኝም አሉ። ምስጠራ ዳታው የት ተቀምጧል ለሚለው ጥያቄ ሊረዳ ይችላል። መክፈቻውን ለልጁ ከሰጡት በኋላ ግን ምን ቀረ?

ትልቅ ድርጅት ብቻ ነው የሚያዘው እንዳይሉኝ። ጆን ሪስ ሮዝ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ለአየር ኃይል የድሮን ምርምር ይሠሩ ነበር። የቻይናና የኢራን ዜግነት ያላቸው ተማሪዎቻቸው ዳታውን እንዲያዩ አደረጉ፣ ራሳቸውም ላፕቶፕ ይዘው ቻይና ሄዱ። በ2008 ጥፋተኛ ተባሉ፣ በ2009 አራት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ትልቁንም ካነሳን፣ ይህ ነፃነት በታወጀበት በዚያው ኦገስት 2024 አርቲኤክስ የተባለው ግዙፍ የመከላከያ ኩባንያ ለ750 ጥሰቶች 200 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ከጥሰቶቹ መካከል ሠራተኞች ላፕቶፕ ይዘው ወደ ተከለከሉ አገሮች መሄዳቸው ይገኝበታል። ላፕቶፕ ብቻ!

ወጥመዱ ሌላ ጫፍም አለው። ሠራተኛው ጎንዎ፣ እዚያው ሜልቦርን ቢቀመጥስ? አይታር አሁን የያዘውን ዜግነት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የነበረውንም ይቆጥራል፤ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለበትንም አገር ይጨምራል። እንደዚህ ያሉ ሠራተኞችን የሚመለከት ሌላ ክፍል አለ፣ 126.18 ይባላል፤ የደኅንነት ማጣሪያ ያለፈ ሠራተኛ እዚያ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። የአውስትራሊያም ሕግ የራሱ ጥርስ አለው። ቁጥጥር ያለበትን ቴክኖሎጂ አገር ውስጥ ላለ የውጭ ዜጋ ያለ ፈቃድ መስጠት ከማርች 1 ቀን 2025 ጀምሮ ያስከስሳል፣ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራት ይደርሳል። የማይመለከታቸው አገሮች ዜጎች አሉ፣ ዝርዝሩን ከጠበቃ ጋር ይዩት። ይህን አንብበው ግን ነገ ጠዋት ሠራተኛ እንዳያባርሩ አደራ። በዜግነቱ ብቻ ሰው ማባረር ሌላ ክስ ይጠራል፤ መጀመሪያ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ።

የሌሊቱ ሰው እስካሁን የሌላ ደንበኛ የመከላከያ ሥራ ነክቶ ከሆነስ? አንድ ደንበኛዬ ነገሩ ሲገባው ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ፋይሎቹን መደምሰስ ነበር። ደንግጦ ነው፣ ክፋት አልነበረውም። በኋላ ግን ስለ ጥሰቱ ከማስረዳት ይልቅ ስለ ድምሰሳው ማስረዳት ከብዶን ነበር። ራስን ቀድሞ የማሳወቅ መንገድ በደንቡ አለ፣ ቅጣት ሊያቀልም ይችላል። ግን የሚሠራው ማስረጃው ሳይነካ ሲቀር ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከሸሪኮችዎ ጋር ኢሜይል ከመጻጻፍዎ በፊትም ጠበቃ ያናግሩ።

ሁለቱንም አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይፈልጉ፤ እኔ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ ተነሥቼ «ይጀምሩ» ልልዎ አልችልም። ሲሄዱ የምዝገባ ወረቀታችሁን፣ ኩባንያው በጽሑፍ የሰጣችሁን ምድብ፣ ወደ ፎልደሩ መግባት የሚችል ሰው ሁሉ ስም ከዜግነቱና ከሚቀመጥበት አገር ጋር፣ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየውን የስድስት ወር የሰርቨር ሎግም ይያዙ። የጽዳት ሠራተኛው ፓስወርድ ካለው እሱም ይጻፍ፤ እየቀለድኩ አይደለም፣ አጋጥሞኛል።

የሌሊቱን ፓስወርድ ዛሬ ይዝጉት። ሎጉን አይንኩ።