«አሲዳማ» ወይስ «አሲዳዊ»? ደግሞም ስለ «ኮምጣጣ»

ጥያቄ፦ ለ8ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መልመጃ ሳዘጋጅ «ሰማያዊ ሊትመስን ወደ ቀይ የሚለውጥ ሙሙት አሲዳማ ነው» ብዬ ነበር (ሊትመስ አሲድ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ መለያ ነው፤ ሙሙት ደግሞ አንድ ነገር የሟሟበት ፈሳሽ)። አራሚው «አሲዳማ»ን ሰርዞ «አሲዳዊ» አደረገው። የቱ ነው ትክክሉ? ለመሆኑ «ኮምጣጣ» የሚል ቃል እያለን ለምን «አሲድ» እንላለን?

መልስ፦ አራሚው እጁን ይሰብስብ፤ የእርስዎ ትክክል ነው።

«-ማ» የብዛት ቅጥያ ነው። ተራራማ፣ ደመናማ፣ ጨዋማ ስንል ነገሩ እዚያ ሞልቷል፣ ወይም ጎልቶ ይታያል ማለታችን ነው። «-ዊ» ግን ከግእዝ የወረስነው የዝምድና ቅጥያ ነው፦ ምድራዊ፣ ታሪካዊ፣ ሳይንሳዊ። ምስክሩ እርስዎ ጥያቄ ውስጥ ተቀምጧል። ሰማያዊው ሊትመስ በቀለሙ የሰማይ ዘመድ ሆነ እንጂ ሰማይ አልሞላበትም። «ሰማይማ» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ለኬሚስትሪው የሚስማማውም «-ማ» ነው፤ አሲዳማነት የመጠን ነገር ነውና። የዴንማርኩ ኬሚስት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው የአሲዳማነት መለኪያ፣ በፒኤች ልኬት፣ አንዷ ደረጃ የአሥር እጥፍ ልዩነት አላት፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበልጣል። ፒኤቹ 5 የሆነ ሙሙት ፒኤቹ 6 ከሆነው በአሥር እጥፍ አሲዳማ ነው። «በመጠኑ አሲዳማ»፣ «እጅግ አሲዳማ» ቢሉ ያምራል። «በመጠኑ አሲዳዊ» ግን «በመጠኑ ምድራዊ» እንደማለት ነው።

«ከውጭ የመጣ ቃል ሁሉ -ዊ ይቀጠልለት፣ -ማ ለአገር ቃል ብቻ ይቅር» የሚል ወገን አለ። ክርክሩን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ደንቡን ከየት እንዳመጡት የነገረኝ ግን የለም። «ወርቃማስ? ወርቅ ሞልቶበታል?» ብለው ሊያፋጥጡኝም ይሞክራሉ። ቀለሙ ሞልቶበታል፤ ቢጫማም እንዲሁ። እርግጥ ነው፣ «አሲዳዊ ባሕርይ» ሲባል የአሲድ ወገን የሆነ ባሕርይ ማለት ስለሚሆን አልቃወምም። ሙሙት ግን አሲዳማ ነው። («ሙሙት» ማለትዎንም አመሰግናለሁ። እንግሊዝኛው «ሶሉሽን» ሙሙትም መፍትሔም ማለት ስለሆነ «መፍትሔው ሊትመሱን አቀላው» የሚል ጽሑፍ አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ ተክዣለሁ።)

ሁለተኛው ጥያቄዎ የቆየ ቁስሌን ነካው። «አሲድ» ከላቲን የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ኮምጣጣ ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ዐረቦች «ሐምድ»፣ ጀርመኖች «ዞይረ»፣ ሩሲያውያን «ኪስሎታ» ሲሉ ሁሉም የሰየሙት በምላሳቸው ነው። ኦክስጅን እንኳ በግሪክኛ «ኮምጣጣ ወላጅ» ማለት ነው፤ የፈረንሳዩ ኬሚስት ላቯዚየ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን ያለበት መስሎት ያወጣው ስም ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1810 ክሎሪን ኦክስጅን ያለበት ውህድ ሳይሆን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን ሲያሳይ፣ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ የምንለው አሲድ ኦክስጅን የሌለበት ሆኖ ተገኘ። ስሙ ግን ከነስሕተቱ ቀረ።

የእኛው ቃል ደግሞ ከሁሉም አያንስም። ግእዙ «ብሒእ» ያለውን የመዝሙረ ዳዊቱ አማርኛ «ሆምጣጤ» ይለዋል፤ በአፋችን «ኮምጣጤ» ሆኗል። «ኮ»ን ትተን በ«ሆ» ስንሰማው የዐረብኛው «ሐሚድ» እና የዕብራይስጡ «ሖሜጽ» ዘመድ ይመስለኛል፤ የሌሎቹ «ጸ/ፀ» በአማርኛ «ጠ» ሲሆን «ጸሐይ»ን «ጣይ»፣ «ጻፈ»ን «ጣፈ» ሲሉ ሰምተናልና። ከዚህም በላይ ቃሉ ግስ አለው። ኮመጠጠ፣ አኮመጠጠ፣ መኮምጠጥ እያለ ይረባል። «አሲድ» ግን «ሆነ» ካልደገፈው አይንቀሳቀስም።

የአሲድ ተቃራኒ የሆነው «ቤዝ» ላይ ስንደርስ ግን እኔም እሸነፋለሁ። የፈረንሳዩ ኬሚስት ሩኤል ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1754 ለዚህ ትርጉም ያዋለው ከአሲድ ጋር ተዋህዶ ለጨው መቆሚያ የሚሆነውን ነገር ለመሰየም ነው። ቃል በቃል እንመልሰው ካልን «መሠረት» ይሆናል፤ ያን ጊዜ «መሠረታዊ ሙሙት» የሚል ተማሪ ስለ ምን እንደሚያወራ ማን ያውቃል? በጣዕም «መራራ» እንዳንለው መራራ ሁሉ ቤዝ አይደለም። በዳሰሳ ሙልጭልጭ ነው፤ «ሙልጭልጭ» ብሎ ለፈተና የሚያወጣ ግን አይገኝም።

ተቃዋሚዎቼም አንድ ጥሩ ነገር ብለዋል፤ ሳልወድ እጠቅሰዋለሁ። የሰልፈሪክ አሲድ ጠርሙስ ላይ «ኮምጣጣ» ብለህ ብትለጥፍ ልጅን «ና ቅመስ» እንደማለት ነው ይላሉ። ትርጓሜውም ከምላስ ርቋል፤ ኬሚስቶቹ ብሮንስቴድ እና ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 አሲድን የፕሮቶን (አዎንታዊ ሙል ያለው የአቶም ቅንጣት) ሰጪ፣ ቤዝን ፕሮቶን ተቀባይ ካደረጓቸው ወዲህ መቅመስ የሚያስፈልገው የለም። ተማሪውም መምህሩም «አሲድ» ብለዋል፤ እኔም ክፍል ገብቼ ባስተምር «አሲድ» እላለሁ።

ስለዚህ «አሲዳማ»ን ይመልሱ። «አሲድ»ንም ይተዉት። መልመጃው ውስጥ ስለ ሎሚ የሚጠይቅ ካለ ግን «ሎሚ ለምን አሲዳማ ሆነ?» አይበሉ፤ «ሎሚ ለምን ይኮመጥጣል?» ይበሉ። ይህን አራሚው ከሰረዘው ስሙን ይላኩልኝ።