«ጎንበስ ብለህ አትነዳም» ተብሎ ከሥራ መባረር ይቻላል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በብስክሌት ምግብ አደርሳለሁ። ሥራ የጀመርኩት ጥቅምት 3 ቀን 2018 ነው። አለቃዬ «ለሙከራ ነህ» ያለኝ በቃል ነው። የማርፈው እሑድ ብቻ ነው። ታኅሣሥ 20 ማታ «ቀጥ ብለህ ነው የምትነዳው፤ እንደ ኮርስ ነጂ ጎንበስ ካላልክ አትፈጥንም፤ ሙከራውን ወድቀሃል» ብሎ አሰናበተኝ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወገብህን ለኋላ እናቆየው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 11 መሠረት የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። አንተ የፈረምከው ነገር የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ሙከራ ላይ አልነበርኩም ብለህ መከራከር ትችላለህ።

ወረቀት ቢኖር እንኳ ቀኑ አልፏል። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። (በድሮው አዋጅ 45 ተከታታይ ቀን ነበር፤ ዛሬም ሁለቱን የሚያምታታ አለቃ አይጠፋም።) እስቲ እንቁጠር። ከጥቅምት 3 እስከ ታኅሣሥ 20 ድረስ 78 ቀን ነው። 11 እሑድ ሲወጣለት 67 ይቀራል። ከ60ው በኋላ ሥራህን ስለቀጠልክ ውልህ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እንደጸና ይቆጠራል።

በሙከራ ላይ ያለን ሠራተኛ፣ ለሥራው የማይመጥን ሆኖ ከተገኘ፣ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይቻላል። አንተን ለማሰናበት ግን ሕጉ የዘረዘረው ምክንያት ያስፈልጋል።

ወደ ወገብህ ልምጣ። ልጅ ሳለሁ በሰዓት እየተከራየሁ ስነዳ ስለነበር ነገሩ ይገባኛል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የንፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ተወዳዳሪ ጎንበስ የሚለው ለዚህ ነው። አንተ ግን የምግብ ሳጥን ጭነህ፣ ታክሲ ድንገት እየቆመብህ ነው የምትነዳው። እዚያ መሃል አንገት ደፍቶ መንዳት አደጋ መጥራት ነው። አለቃህ የዘገየ ትእዛዝ መዝገብ ካለው ያምጣ፤ ስለ አቀማመጥህ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ክርክሩ ቀጭን ነው።

ወደ ሥራ ልመለስ የምትል ከሆነ ከተሰናበትክበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ፣ ማለትም መጋቢት 20 ሳያልፍ፣ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ አቅርብ። የዳኝነት ክፍያ አትጠየቅም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ሳትመለስ ብትቀር፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ የአማካይ የቀን ደመወዙን 180 እጥፍ ካሳ ያገኛል፤ የማስጠንቀቂያው ክፍያ ለብቻው ነው። የሠራህበት ቀሪ ደመወዝ ደግሞ ከስንብቱ በኋላ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት።

ትእዛዝ የሚልኩልህ በቴሌግራም ከሆነ ከግሩፑ ሳያስወጡህ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሳ። የጀመርክበትንም የቆምክበትንም ቀን የሚያሳይልህ እሱ ነው።